ቃሉ ታረመ፤ ልቡስ?

«ዘንድሮስ ምንም መናገር አልተቻለም!»

ይህን ምሬት ሳትሰሙት አትቀሩም። ዘበኛ መባሉ ቀርቶ ጥበቃ ተብሏል። ገረድ መባሉ ቀርቶ የቤት ሠራተኛ ተብሏል። ለክረምት ከአሜሪካ የመጣችውን የአክስታችሁን ልጅ እናታችሁ በፍቅር አቅፈው «እሰይ፣ ወፍረሻል!» ይሏታል፤ የልጅቷ ዐይን እንባ ያቀርራል፤ እናታችሁ ያመሰገኑ መስሏቸው ነበርና ግራ ይገባቸዋል። ማታ ቡና ሲፈላ አንድ አጎት ነገሩን ያነሣዋል። «ሰው ቃል እየመዘነ እንዴት ይኖራል? እኛ እኮ ፊት ለፊት እየተነጋገርን ነው ያደግነው» ይላል። ቤቱ በሣቅ ይሞላል። እናንተም ትስቃላችሁ። እኔም ስስቅ ኖሬአለሁ።

በዚህ ጽሑፍ ያን ሣቅ ከአንድ ልብ ወለድ ጋር አብረን እንድንመረምረው እጋብዛችኋለሁ። ልብ ወለዱ የአሜሪካኖች ነው። ምሬቱም ስም የወጣለት እዚያው ስለ ሆነ ከዚያው እንጀምር።

አሜሪካኖች ነገሩን «ፖለቲካል ኮሬክትነስ» ይሉታል። ሌላውን ሰው፣ በተለይም ሲናቅ የኖረውን፣ እንዳናስቀይም ብለን ቃል መምረጥ ማለት ነው። ቃሉን ያልመረጠውን መገሠጽ፣ አንዳንዴም መቅጣት በውስጡ አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ አባትየው፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የምረቃ በዓል ላይ ባደረጉት ንግግር ነገሩ ዘረኝነትንና ጥላቻን ጠርጎ ለማውጣት ከሚደረግ በጎ ምኞት መነሣቱን ተናግረው፣ በአሮጌው ጭፍን ጥላቻ ቦታ አዲስ እየተከለ ነው ሲሉ ወቅሰውታል። ክርክሩ ከዚያ ወዲህ አልበረደም። በ2018 «ሞር ኢን ኮመን» የተባለ ድርጅት ባወጣው ጥናት ከመቶ አሜሪካውያን 80ው ፖለቲካል ኮሬክትነስ የአገራችን ችግር ነው ብለዋል። በዚያው ጥናት ከመቶ 82ቱ የጥላቻ ንግግር የአገራችን ችግር ነው ብለዋል።

ሁለቱን ቁጥሮች ደምሯቸው፤ ከመቶ ያልፋሉ። ከመቶ ቢያንስ 62ቱ ሁለቱንም ያሉ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ የተማረሩትን ክፉዎች፣ ያልተማረሩትን ደጎች ብለን ልንከፍላቸው አንችልም። ያው አንዱ ሰው «ልጓሙ በዛ» ይላል፤ ያው ሰው «ስድቡ በዛ» ይላል። ምናልባት ያ ሰው እናንተ ናችሁ። እኔ ግን ያ ሰው ነኝ። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ማርክ ትዌይን ከጻፈው «የሃክልቤሪ ፊን ጀብዱዎች» የበለጠ የሚጠቅም ልብ ወለድ አላውቅም።

መጽሐፉ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1884 መጨረሻ፣ በአሜሪካ በ1885 መጀመሪያ ታተመ። ያን ጊዜ ባርነት በአሜሪካ በሕግ ከተሻረ 20 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ታሪኩ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ባርነት ሕግ በነበረበት ዘመን በሚዙሪ ግዛት ይጀምራል። ሃክ እናት የሌለው፣ አባቱ ሰካራም የሆነ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ነው። ጂም የሚስ ዋትሰን ባሪያ ነው። ሚስ ዋትሰን ጸሎተኛ ሴት ናት፤ ሃክንም ጸሎት ልታስተምረው ትደክማለች። ጂምን በ800 ዶላር ወደ ኒው ኦርሊንስ ልትሸጠው እንደምታስብ ሲሰማ ጂም ይጠፋል። ሁለቱ ኮብላዮች ይገናኙና በተገጣጠመ ግንድ ላይ ተሳፍረው የሚሲሲፒን ወንዝ ተከትለው ይወርዳሉ።

የሚተርከው ሃክ ነው። የሚተርከውም በሰፈሩ ልጆች አፍ ነው። ጥቁሮች ይሰደቡበት የነበረው ያ የታወቀ ቃል ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ 219 ጊዜ ይገኛል።

መጽሐፉ መከሰስ የጀመረው ገና እንደ ታተመ ነው። በመጋቢት 1885 በማሳቹሴትስ ግዛት የምትገኘው የኮንኮርድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ከመደርደሪያው አስወጣው። በክሱ ውስጥ ያ ስድብ አልተነሣም። የተባለው መጽሐፉ ባለጌ ነው፣ ለጨዋ ልጆች አይመጥንም ነው። በ1905 ደግሞ በኒው ዮርክ የብሩክሊን ቤተ መጻሕፍት ከልጆች ክፍል ሲያስወጣው ከቀረቡት ወቀሳዎች አንዱ ሃክ ሲበላው ያካል፣ ላቡንም በጨዋ አጠራር አይጠራም የሚል ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ክሱ ተገለበጠ። በ1957 የኒው ዮርክ ከተማ የትምህርት ቦርድ መጽሐፉን ከአንደኛና ከመካከለኛ ደረጃ የመማሪያ መጻሕፍት ዝርዝር ሲያወጣው ይሰማ የነበረው ተቃውሞ ጥቁሮች በመጽሐፉ ውስጥ ስለሚጠሩበት ቃል ነበር። በ2011 አለን ግሪበን የተባሉ የትዌይን ተመራማሪ በአላባማ ባሳተሙት ዕትም ስድቡን በሙሉ አውጥተው በቦታው «ባሪያ» የሚለውን ቃል አስገቡ። መምህራን መጽሐፉን ሊያስተምሩ ፈልገው በዚያ አንድ ቃል ምክንያት እንደ ተቸገሩ ነግረውኛል ሲሉም ምክንያታቸውን አስረዱ።

ልብ በሉ፤ አንዱን መጽሐፍ ሁለት የተለያዩ ጨዋነቶች ከሰሱት። አንደኛው ላብንና እከክን አየ፤ ስድቡን አላየም። ሁለተኛው ስድቡን አየ። ሁለቱም ቃል ቈጠሩ። እኛ ደግሞ ቃሉ የተነገረበትን ቤት ገብተን እንይ።

ምዕራፍ 32ን ክፈቱ። ጂም ተይዟል፤ ሃክም የታሰረበትን እርሻ ፍለጋ ሄዶ ሳሊ ፌልፕስ ከምትባል ሴት ቤት ይደርሳል። ሳሊ ደግ ናት። እንግዳውን ልጅ የምትጠብቀው ዘመዷ መስሏት እቅፍ አድርጋ ትቀበለዋለች። ባሏ ሲላስ ገበሬ ብቻ ሳይሆን ሰባኪም ነው፤ በእርሻው ጀርባ በግንድ የተሠራች ትንሽ ጸሎት ቤት አለችው። ሃክ የዘገየበትን ምክንያት ሲፈጥር የእንፋሎት መርከቡ ላይ ፍንዳታ ደረሰ ይላታል። ሳሊ ደንግጣ የተጎዳ ሰው አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ሃክ ማንም እንዳልተጎዳ፣ አንድ ጥቁር ብቻ እንደ ሞተ ይነግራታል። ጥቁሩን የሚጠራው በዚያ ስድብ ነው። ሳሊ እፎይ ትላለች፤ እንዲህ ባለው አደጋ ሰው የሚጎዳበት ጊዜ አለና ዕድለኞች ናችሁ ትለዋለች።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሳሊ አልተቆጣችም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ማንንም ለመስደብ አላሰበችም። የሞተው ሰው ግን ከሰው ቊጥር አልገባላትም። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ይብሳል። ጂም በዚያው ግቢ በአንዲት ጎጆ ታስሮ ሳለ ሲላስ በየአንድ ሁለት ቀኑ እየገባ አብሮት ይጸልያል። ሳሊ ተመችቶት፣ በቂ ምግብም አግኝቶ እንደ ሆነ ለማየት ትመጣለች። ጂም ራሱ ደጎች ናቸው ብሎ ይመሰክርላቸዋል። ከጸሎቱ በኋላ ግን በሩ ይቆለፋል። ከእስረኛው ጋር «አሜን» ብሎ ወጥቶ ቁልፉን የሚያዞር ሰባኪ! ትዌይን እዚህ ቦታ አንዲት የተግሣጽ ቃል አልጻፈም። ነገሩን እንዲሁ አስቀምጦልን አለፈ።

አሁን በ2011ዱ ዕትም ስድቡን በ«ባሪያ» ተኩት። ሳሊ አሁንም እፎይ ትላለች፤ ታሪኩም ያው ነው። የጎደለ ነገር ግን አለ። «ባሪያ» የሰውየውን ኑሮ ይናገራል። ስድቡ ደግሞ ሰውየው ሰው አለመባሉን ይናገራል። ደግ ሴት፣ ሞቅ ያለ ቤት፣ የሰባኪ ማዕድ፣ በመካከሉም ያ ቃል እንደ ተራ ነገር ሲወድቅ አንባቢው ያፍራል። እርማቱ ሳሊን አላዳናትም፤ ከዕፍረት የዳነው አንባቢው ነው። ያ ዕፍረት ደግሞ የመጽሐፉ ትልቁ ሥራ ነበር።

ወደ እኛ ቋንቋ ሲመጣማ እርማቱ ራሱ መታረም ሊያስፈልገው ነው። በእንግሊዝኛ ለስላሳ መተኪያ የሆነው «ባሪያ» በአማርኛ ስድብ ነው። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ አያቶቻችን በዐይናቸው ያዩት ነገር ነው። ቃሉ ከአዋጁ በኋላም በቆዳ ጥቁረት ላይ ተለጥፎ በየሰፈሩና በየትምህርት ቤቱ ግቢ ቀረ። ይኸው ቃል ግን ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት መግቢያ ላይ ራሱን የሚያስተዋውቅበት የክብር ስም ነው፤ የክርስቶስ ባሪያ መሆኑ ያኮራዋል። እሑድ ጠዋት ከመድረክ ሲነበብ የሚያጽናና ቃል፣ ከሰዓት በኋላ ከአጥር ውጭ ሲወረወር ያቆስላል።

ይህን ከማንም በፊት ልናውቅ የሚገባን እኛ ነን። «ጴንጤ» መባል ምን እንደ ነበር ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያኖቻችን ሲዘጉ፣ ምእመናን ሲታሰሩ፣ ቃሉ የሚያስወነጅል ነበር። ዛሬ እናንተ ራሳችሁ «እኛ ጴንጤዎች» እያላችሁ ትቀልዱበታላችሁ። ፊደሉ አልተለወጠም። የተለወጠው የሚናገረው ሰውና የሚናገርበት ምክንያት ነው። ስለዚህ ቃላትን ንጹሕና ርኩስ ብሎ በሁለት ዝርዝር መክፈል ብቻውን ሩቅ አያደርሰንም።

እስከዚህ ያልሁት የተማረረውን አጎታችንን ሳያስደስተው አይቀርም። አሁን ግን ሌላውን ወገን እንስማ።

ሠላሳ ተማሪ ያለበት የአሜሪካ ክፍል አስቡ። ከሠላሳው ጥቁሯ አንዲት ልጅ ብቻ ናት። መጽሐፉ ተራ በተራ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ያ ቃል በደረሰ ቊጥር ሃያ ዘጠኝ አንገት ወደ እርስዋ ይዞራል፤ ወይም ላለመዞር ይጨነቃል። እስከ መጽሐፉ መጨረሻ 219 ጊዜ። «እርማት አያስፈልግም» ማለት ለሃያ ዘጠኙ ቀላል ነው። የኖቤል ተሸላሚዋ ቶኒ ሞሪሰን በልጅነቷ ይህን መጽሐፍ ስታነብ ፍርሃትና ሥጋት እንደ ያዛት በ1996 በጻፈችው መግቢያ ላይ ትናገራለች። ልብ በሉ፤ ሞሪሰን መጽሐፉ ከትምህርት ቤት ይውጣ አላለችም። እንዲያውም መጽሐፉን ማስወጣት ልጆችን ከማስተማር ይልቅ አዋቂዎችን ለማረጋጋት የሚደረግ ነው ብላ ተቃውማለች። ፍርሃቷን ግን አልካደችም። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ከሰማኋቸው ድምፆች ሁሉ የእርስዋን አምናለሁ፤ ምክንያቱም ቃሉ ያረፈው በእርስዋ ላይ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ይህን የተማርሁት ከሞሪሰን አይደለም።

በምዕራፍ 23 ጂም ሌሊት አንገቱን በጉልበቶቹ መካከል ደፍቶ ስለ ቤተ ሰቡ ያለቅሳል። ለሃክም አንድ ነገር ይነግረዋል። የአራት ዓመት ሴት ልጁ በጽኑ ትኩሳት ታማ ከተነሣች በኋላ አንድ ቀን በሩን ዝጊ ይላታል። ልጅቷ ቆማ ፈገግ ትላለች። ይጮኽባታል፤ አሁንም ፈገግ ትላለች። በጥፊ ይመታታል። ጥቂት ቆይቶ ነፋስ በሩን ከኋላዋ በኃይል ይዘጋዋል። ልጅቷ ንቅንቅ አትልም። ትኩሳቱ መስማትዋን ወስዶት ኖሯል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የወጣቶች ፕሮግራም እመራ ነበር። ማይኩ እየጮኸ አስቸገረን። ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠው ወንድም የልብ ጓደኛዬ ነው። «አይሰማህም እንዴ? ደንቆሮ!» አልሁት፤ በማይኩ ነው ያልሁት። እርሱ ሣቀ፤ ጉባኤው ሣቀ። በስተ ቀኝ በኩል ከፊት ለፊት አንዲት እኅት ለሦስት ወጣቶች በምልክት ቋንቋ ታስተረጉም ነበር። እጆችዋ አየር ላይ ቀሩ። ሦስቱም ሰው ሁሉ ለምን እንደ ሣቀ እንድትነግራቸው ዐይን ዐይንዋን ያያሉ። ከፕሮግራሙ በኋላ አልተቆጣችኝም። «ምን ብዬ ልተርጉምላቸው?» ብቻ አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አማርኛችን ለማይሰማና ለማያስተውል ሰው አንድ ቃል መስጠቱን እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። ጆሮ የሌለው ሁሉ አእምሮም እንደሌለው የቈጠረ አንድ የጥንት ዘመን ፍርድ በቃሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ እኔ ሳላውቀው በአፌ ተሸክሜው ኖሬአለሁ። ከቀልዱ ያተረፍሁት የአንድ ደቂቃ ሣቅ ነው። ዋጋውን የከፈሉት ሦስት ሰዎች ናቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከዚያ ወዲህ «መስማት የተሳናቸው» የሚለው አጠራር ረዘመ ተብሎ ሲቀለድበት መሣቅ አልቻልሁም።

ሃክም እንዲህ ያለ ቀን ነበረው። በምዕራፍ 15 ጂም በጭጋግ ሌሊት ልጁ የሞተ መስሎት ልቡ ይሰበራል። ሃክ ግን በሕይወት ተመልሶ የሆነው ሁሉ ሕልም ነው እያለ ያሾፍበታል። ጂም ነገሩን ሲያውቅ በጥቂት ቃል ያዘነውን ኀዘን ነግሮት ይሄዳል። ሃክ ሄዶ ይቅርታ ለመጠየቅ ሩብ ሰዓት ይታገላል። በዚያ ዘመን ነጭ ልጅ ለጥቁር ዝቅ አይልም። እርሱ ግን ዝቅ ይላል፤ በኋላም አልተጸጸትሁበትም ይለናል። ከዚህም በኋላ ያን ስድብ መጠቀሙን አይተውም። ሌላ ስም ያስተማረው የለም። ልቡ ከአፉ ቀድሞ ተለወጠ።

ሃክንና ሳሊን ጎን ለጎን አቁማችሁ እዩ። ሃክ ያልታረመ አፍ፣ እየታረመ ያለ ልብ አለው። ሳሊ የጨዋ አፍ፣ ያልተነካ ልብ አላት። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብባል ሃክን እመርጣለሁ። ነገር ግን ማንም ምረጡ አላለንም! «ልቤ ንጹሕ ነው፣ አፌ እንዳመጣ ይናገር» የሚል ሰው ሃክን ምስክር ሊጠራ አይችልም። ሃክ ሌላ ቃል አያውቅም ነበር። እኛ እናውቃለን።

በ2024 ፐርሲቫል ኤቨረት የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ ይህንኑ ታሪክ በጂም አንደበት መልሶ ጽፎታል። «ጄምስ» ይባላል፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት፣ በ2025 የፑሊትዘርን ሽልማት አግኝቷል። የኤቨረት ጂም ማንበብ የሚወድ፣ በወገኖቹ መካከል ያማረ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ነው። ነጮች ሲመጡ ግን እርሱና ወገኖቹ አንደበታቸውን ይሰብራሉ። የጌቶቻቸው መመቸት ለእነርሱ ከለላ ስለ ሆነ ልጆቻቸውን ይህን ስብርባሪ ቋንቋ ቁጭ አድርገው ያስተምሯቸዋል። እሳት ቢነሣ እንኳ «እሳት!» ብላችሁ አትቅደሙ፤ የነገሩን ስም ራሷ እመቤቲቱ ታውጣው ይሏቸዋል። በአንባቢነቴ ልፍረድ ካላችሁኝ፣ የኤቨረት ጂም ከትዌይን ጂም ይልቅ ብልህ ነው፤ ስለ ልጁ ሲያለቅስ አብሬው የማለቅሰው ግን የትዌይኑ ነው። ያም ሆኖ ኤቨረት ትዌይን ያላየውን አንድ ነገር አይቷል። በፍርሃት የሚነገር ትክክለኛ ቃል የባርነት ቋንቋ ነው።

ይህን ሳነብ ያሰብሁት የራሳችንን ደጃፍ ነው። «እንዴት ነሽ?» «ተባርኬአለሁ!» ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረች እኅት ናት ይህን የምትመልሰው። «ጨንቆኛል» ብትል እምነቷ ይመዘንባታል ብላ ትፈራለች። ሥራ ያጣ ወንድም «ጌታ በሩን ከፍቷል» ይላል፤ ገና አልተከፈተም። ይህም ፖለቲካል ኮሬክትነስ ነው፤ የቤታችን ነው፤ የሚቀጣውም በሐሜት ነው። መዝሙር 88 በጨለማ ያልቃል፤ በመጨረሻው ላይ የድል ቃል አልተጨመረለትም። እግዚአብሔር ያንን ጸሎት ሳይታረም ተቀብሎታል። በዓለም ልጓም ከመማረራችን በፊት በወንድሞቻችን አፍ ላይ ያሰርነውን ልጓም ብንፈታ መልካም ነው።

ጌታችን ቃል እየመረጠ ይናገር ነበርን? አዎን፣ ይመርጥ ነበር። ግን የመረጠበት መንገድ ከእኛ ይለያል። በማቴዎስ 23 ጠንካራውን ቃል የተናገረው በሙሴ ወንበር ለተቀመጡት ነው። በዮሐንስ 4 ለሳምራዊቷ ሴት የሕይወቷን እውነት ሳይደብቅ ነገራት፤ ሴቲቱም ከውኃው ጉድጓድ ሮጣ ሄዳ ሕዝቡን ጠራች እንጂ አልተደበቀችም። እውነት ተነገራት፤ አልተዋረደችም። የእኛ ቀልድ አብዛኛውን ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፤ ለኃያሉ እናለሰልሳለን፣ ለደካማው ፊት ለፊት እንናገራለን። ከዚያ ግልጽነት እንለዋለን። ጳውሎስም በኤፌሶን 4፥29 ንግግራችን ለሚሰማው ሰው ጸጋ እንዲሆነው ይመክራል። ሚዛኑን ያስቀመጠው በሰሚው ዘንድ ነው።

በመጨረሻ የራሳችንን አባት ላስታውሳችሁ። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ ተሸጠ፤ በምጽዋ ነፃ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተማረ። ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ስሙ ጳውሎስ ከእንግዲህ እንደ ወንድም ተቀበለው ብሎ ወደ ፊልሞና የላከው የዚያ ባሪያ ስም ነው። ይህ ሰው በ1894 ባሳተመው የፊደል መማሪያ ሽፋን ላይ ግን የገዛ ሕዝቡ የተጠራው ዛሬ ስድብ በሆነ ስም ነው። በዚያ ዘመን በመጻሕፍት የሚታወቀው ስም ያ ነበር።

ያንን ሽፋን እንፋቀው? አንፍቀውም። የዘመኑ ምስክር ነው፤ ስሙን ብንፍቀው ሕዝቡ ምን ተብሎ ይጠራ እንደ ነበር ልጆቻችን አያውቁም። በራሳችን አፍ እንድገመው? አንደግመውም። እኔም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እርሱንም የአሜሪካኖቹንም ስድብ አልጻፍኋቸውም፤ አንድም አንባቢ አልተቸገረም ብዬ አስባለሁ። ትዌይን 219 ጊዜ መጻፉ ግን ይቆይ። እርሱ የሳሊን ቤት እያሳየን ነበር፤ እኔ የማሳያችሁ ቤት በዚያ ቃል አይከፈትም።

እንግዲህ አጎታችን «የድሮውን መጽሐፍ አትንኩብኝ» ሲል ልክ ነው። «ቃል በመለወጥ ብቻ ሰው አይለወጥም» ሲልም ልክ ነው፤ የሲላስ ጸሎት ይመሰክርለታል። «ስለዚህ እንደ ልማዴ ልናገር» ሲል ግን ተሳስቷል። የለመደው ነገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል አያውቅም፤ ከፋዩ ሌላ ሰው ነውና። እኔም አላውቅም ነበር።

መጽሐፉን ያልታረመውን ዕትም ፈልጋችሁ አንብቡት። ምዕራፍ 32 ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ከዚያ በሚቀጥለው እሑድ፣ በጉባኤ መካከል ሁሉም ሲስቅ፣ ከፊት ለፊት በስተ ቀኝ በኩል ተመልከቱ። ትርጉም የሚጠብቅ ሰው ይኖር ይሆናል።